«ብቅ አለ» እና «ተርን አፕ»፦ ፍቺና አጠቃቀም በንጽጽር

1. መግቢያ

የእንግሊዝኛ ቋንቋ ተማሪን ከሚያስቸግሩት ጉዳዮች አንዱ፣ የታወቀ ግስ ከአንዲት አጭር ቃል ጋር ሲጣመር የሚሰጠው ያልታሰበ ፍቺ ነው። «ተርን» ዞረ ማለት ነው፤ «አፕ» ወደ ላይ ማለት ነው፤ «ተርን አፕ» ግን ወደ ላይ ዞረ ማለት አይደለም። እንደ አገባቡ የሰውን መምጣት፣ የጠፋ ዕቃን መገኘት፣ ወይም የራዲዮ ድምፅ ከፍ መደረግን ሊያመለክት ይችላል። ተማሪው የዚህን አነጋገር አማርኛ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚመጣለት «ብቅ አለ» የሚለው ነው። ምርጫው ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለቱም ከሁለት ቃላት የተገነቡ ናቸው፤ ሁለቱም ያልተጠበቀ መምጣትን ይገልጣሉ፤ ሁለቱም ከደንበኛ ጽሕፈት ይልቅ ለዕለት ተዕለት ንግግር የቀረቡ ናቸው።

ይሁን እንጂ መመሳሰሉ የሚዘልቀው እስከ ተወሰነ ደረጃ ብቻ ነው። አንድ የፍርድ ቤት ደብዳቤ ምስክሩ በቀጠሮው ቀን «ተርን አፕ» አላደረገም ቢልና ተርጓሚው «ምስክሩ ብቅ አላለም» ብሎ ቢመልሰው፣ በእንግሊዝኛው ውስጥ ያልነበረ ወቀሳ በአማርኛው ውስጥ ይገባል። እንግሊዝኛው የነገረን ምስክሩ አለመገኘቱን ነው፤ አማርኛው ግን «ሊመጣ ሲገባው ፊቱን እንኳ አላሳየም» እንደማለት ይሆናል። ትክክለኛው አማርኛ «ምስክሩ አልቀረበም» ነው። በአንድ ጥምር ግስ ምርጫ ምክንያት ፍርድ ያልተሰጠበት ሰው የተፈረደበት ሊመስል ይችላል ማለት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሁለቱን አነጋገሮች ፍቺና አጠቃቀም እያነጻጸሩ ማብራራት ነው። በጽሑፉ የሚቀርበው መሠረታዊ ሐሳብ የሚከተለው ነው፦ «ተርን አፕ» ስለ መጪው ወይም ስለ ተገኘው ነገር ይናገራል፤ «ብቅ አለ» ግን በመጀመሪያ ደረጃ የሚናገረው ስለ ተመልካቹ ዐይን ነው። ምሳሌዎቹ ለማብራሪያ የተዘጋጁ ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ ከክብረ መንግሥት እስከ ነገሌ ቦረና ካለው የደቡብ አካባቢ ኑሮ ጋር እንዲዛመዱ ተደርጓል። ይህም የሆነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ የወርቅ አጠባና የቆላ መንገድ የ«ብቅ አለ»ን ፍቺ ጥርት አድርገው የሚያሳዩ ሁኔታዎችን ያስገኛሉ። ሁለተኛ፣ በእነዚህ ከተሞች የሚማር ልጅ ኦሮምኛን፣ አማርኛንና እንግሊዝኛን ጎን ለጎን ስለሚይዝ የንጽጽሩ ጥቅም ለእርሱ ከሌላው ይበልጣል።

2. ስለ አገነባቡ

«ብቅ አለ» ሁለት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው «ብቅ» ሲሆን «ቅ» ጠብቆ ይነበባል። ይህ ቃል ብቻውን ቆሞ ዓረፍተ ነገር አይሠራም፤ በመደብ፣ በጾታና በቁጥርም አይረባም። ሁለተኛው «አለ» የሚለው ግስ ነው። «ለ» ላልቶ ስለሚነበብ፣ «ለ» ጠብቆ ከሚነበበውና መኖርን ከሚያመለክተው «አለ» የተለየ ነው። የአማርኛ ጽሕፈት መጥበቅንና መላላትን ስለማያሳይ ሁለቱ በገጽ ላይ አንድ ይመስላሉ፤ በንግግር ግን አይምታቱም።

በጥምሩ ውስጥ «አለ» ተናገረ የሚለውን ፍቺውን ትቶ የመርቢያነትን ሥራ ብቻ ይሠራል። ብቅ አልኩ፣ ብቅ አለች፣ ብቅ ይላል፣ ብቅ ብሎ፣ ብቅ በል፣ ብቅ ማለት እያልን ስንሄድ የሚለዋወጠው ሁለተኛው ክፍል ብቻ ነው። በ«ብሎ»፣ በ«በል» እና በ«ባይ» ላይ የሚታየው የ«በ» ድምፅ ግሱ ከግእዙ «ብህለ» ጋር ያለውን ዝምድና ያስታውሳል። ባለቤቱ ሌላ ነገር እንዲታይ ሲያደርግ «አለ» በ«አደረገ» ይተካል፤ «አንገቱን በመስኮት ብቅ አደረገ» እንዲሉ። ሁለቱ ክፍሎች ጎን ለጎን ይቁሙ እንጂ እንደ አንድ ቃል አልተጣበቁም። በመካከላቸው ሌላ ነገር ሊገባ ይችላል፤ «ብቅ እንኳ አላለም»፣ «ብቅም አላለም» ማለት ይቻላልና።

ከ«አለ» ጋር የሚጣመሩት ቃላት በሁለት ወገን ሊከፈሉ ይችላሉ። በአንድ ወገን ከሌላ ግስ የሚወጡት አሉ። «ከፈተ» ከሚለው «ከፈት አለ» እና «ክፍት አለ» ይወጣሉ፤ የመጀመሪያው ድርጊቱ በመጠኑ መፈጸሙን፣ ሁለተኛው በድንገትና ሙሉ በሙሉ መፈጸሙን ያሳያል። በሌላ ወገን ደግሞ «ቁጭ»፣ «ብድግ»፣ «ዝም»፣ «እልም» እንደሚሉት ከሌላ መደበኛ ግስ የወጡ የማይመስሉ አሉ። «ብቅ» የሚመደበው በዚህ በሁለተኛው ወገን ነው። እርግጥ «በቀለ» ከሚለው ግስ ጋር ማዛመድ ያጓጓል፤ ቡቃያም ከአፈር ብቅ ይላልና። ነገር ግን የፍቺ መቀራረብ ብቻውን የዝምድና ማስረጃ አይሆንም። በ«ቡቃያ» ውስጥ የ«በቀለ» «ለ» አልጠፋችም፤ «ገደለ» ብሎ «ገዳይ» እንደሚባለው ወደ «የ» ተለውጣለች። በ«ብቅ» ውስጥ ግን ሦስተኛዋ ድምፅ ምልክትም አልተወችም።

ይህ ዓይነቱ አገነባብ የአማርኛ ብቻ አይደለም። ትግርኛ በ«በለ»፣ ኦሮምኛ በ«ጄዼ» ተመሳሳይ ጥምሮችን ይሠራሉ። ቻርልስ ፈርጉሰን እ.ኤ.አ. በ1976 ስለ ኢትዮጵያ የቋንቋ አካባቢ ባቀረበው ጥናት፣ ሴማዊና ኩሻዊ የሆኑ የአገራችን ቋንቋዎች ከሚጋሩአቸው ባሕርያት መካከል እንዲህ ያሉትን ጥምር ግሶች ቆጥሯቸዋል። በኦሮምኛ «ጨል ጄዼ» ዝም አለ ማለት ነው፤ «ኦል ጄዼ» ደግሞ ወደ ላይ ከፍ አለ ማለት ነው።

የእንግሊዝኛው አገነባብ ከዚህ በተቃራኒ የተደራጀ ነው። በእንግሊዝኛ ጥቂት አጫጭር ቃላት፣ ማለትም «አፕ»፣ «ዳውን»፣ «አውት»፣ «ኦፍ» እና የመሳሰሉት፣ ከብዙ ግሶች ጋር ይጣመራሉ። በአማርኛ ግን እጅግ ብዙ ቃላት ከጥቂት ግሶች፣ በተለይም ከ«አለ»ና ከ«አደረገ» ጋር ይጣመራሉ። ስለዚህ በእንግሊዝኛው ረቢው ግስ የራሱን ፍቺ ይዞ ሊመጣ ሲችል፣ በአማርኛው የፍቺው ሸክም በሙሉ ያረፈው በማይረባው ቃል ላይ ነው። «አለ»ን መመርመር ስለ «ብቅ» ፍቺ የሚነግረን ነገር የለም።

3. የ«ብቅ አለ» መሠረታዊ ፍቺ

ብዙ ጊዜ «ብቅ አለ» ማለት «በድንገት መጣ» ወይም «ወጣ» ማለት ነው ተብሎ ይገለጣል። ይህ ፍቺ በቂ አለመሆኑን ለመረዳት የሚከተሉትን እንመልከት።

(1) አሸዋው በውሃ ሲታጠብ ወርቁ ከሥር ብቅ አለ።
(2) የወንዙ ውሃ ሲጎድል ድንጋዩ ብቅ አለ።
(3) ጥቂት እንደ ተጓዝን ነገሌ ከሩቅ ብቅ አለች።

በ(1) የተገለጠው በክብረ መንግሥትና በሻኪሶ አካባቢ የታወቀ ሥራ ነው። አዶላ በሚለው ስሟም የምትታወቀው ክብረ መንግሥት ስሟ ከወርቅ ጋር ተያይዞ ሲነሣ ኖሯል፤ በዙሪያዋ ባሉት ወንዞች ዳርቻ የሚገኘውን አሸዋ እያጠቡ ወርቅ መለየት የቆየ መተዳደሪያ ነው። የአጠባው ሥራ የሚሳካው ወርቅ ከአሸዋ እጅግ የከበደ በመሆኑ ነው። ተመሳሳይ መጠን ያለው ወርቅ ከውሃ 19 ጊዜ ያህል ሲከብድ፣ ተራ አሸዋ ግን ሦስት ጊዜ እንኳ አይከብድም። ስለዚህ ማጠቢያው ሲዞር ቀላሉ አሸዋ በውሃው እየተወሰደ ይሄዳል፤ ወርቁ ከሥር ይቀራል። ልብ ማለት የሚገባን ወርቁ ከቦታው አለመንቀሳቀሱን ነው። የተንቀሳቀሰው ይሸፍነው የነበረው አሸዋ ነው። እንዲያም ሆኖ «ወርቁ ብቅ አለ» እንላለን፤ «ወርቁ መጣ» ግን አንልም።

በ(2)ም እንዲሁ ነው። ድንጋዩ የትም አልሄደም፤ ውሃው ጎደለ እንጂ። በ(3) ላይ ደግሞ የተንቀሳቀሰው ሌላ ነው። ከክብረ መንግሥት ደጋማና ደናማ አገር ተነሥቶ ወደ ግራር ቆላ የሚወርደው መንገደኛ ነው እንጂ ነገሌ ወደ እርሱ አልመጣችም። ሦስቱንም ዓረፍተ ነገሮች አንድ የሚያደርጋቸው የባለቤቱ እንቅስቃሴ አይደለም። ሦስቱም የሚነግሩን ቀድሞ ያልታየ ነገር አሁን ለተመልካች መታየት መጀመሩን ነው። ነገሩ ራሱ ቢንቀሳቀስ፣ ሽፋኑ ቢነሣ፣ ወይም ተመልካቹ ቢጠጋ ለ«ብቅ አለ» ልዩነት የለውም።

ይህን ሐሳብ የሚያጠናክረው «ብቅ አለ» የማይቀበላቸው ባለቤቶች መኖራቸው ነው። «ደመና ብቅ አለ» ይባላል፤ በቦረና ቆላ ዝናብ ሲዘገይ ሰዎች አንጋጠው የሚጠባበቁት ይህችኑ ደመና ነው። «ነጎድጓድ ብቅ አለ» ግን አይባልም፤ ነጎድጓድ ይሰማል እንጂ አይታይም። «የቡና ሽታ ብቅ አለ» ቢባልም ጆሮ አይቀበለውም፤ ሽታ ይመጣል፣ ይሸታል፣ ያውዳል። ለጆሮና ለአፍንጫ የሚደርሱ ነገሮች ከ«ብቅ አለ» ጋር አለመስማማታቸው አነጋገሩ የዐይን መሆኑን ያሳያል። «አዲስ ችግር ብቅ አለ»፣ «አንድ ሐሳብ ብቅ አለልኝ» የሚሉት ፍካሬያዊ አጠቃቀሞች ናቸው። በእነርሱም ችግሩና ሐሳቡ ተሸፍኖ ቆይቶ እንደሚገለጥ ነገር ተቈጥሯል።

ሁለተኛው የፍቺው ክፍል መጠን ነው። ብቅ ያለ ነገር ብዙ ጊዜ ገና ሙሉ በሙሉ አልታየም፤ ወይም ታይቶ ብዙ አልቆየም። የሚከተሉት ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ልዩነቱን ያሳያሉ።

(4) ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች።
(5) ከዝናቡ በኋላ ፀሐይ ብቅ አለች።

በ(4) ፈንታ «ፀሐይ በምሥራቅ ብቅ ትላለች» ብንል፣ የተፈጥሮን ቋሚ ሥርዓት መናገራችን ይቀርና በአንድ ጧት ላይ ሆነን የምናየውን የምንተርክ እንመስላለን። በ(5) ፈንታ «ፀሐይ ወጣች» ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ደመናው ገለጥ ማለቱና ፀሐይዋ ተመልሳ ልትሸፈን መቻሏ ይጠፋል። ሕፃን «ጥርሱ ብቅ ብሏል» ሲባልም ጫፉ ታየ ማለት ነው። ይህ የመጠን ፍቺ «ብቅ ጥልቅ አለ» በሚለው ይበልጥ ይጎላል፤ በደመና መካከል የምትታይና የምትሰወር ፀሐይ፣ እንዲሁም አንዴ ታይቶ አንዴ የሚጠፋ ሰው ብቅ ጥልቅ ይላሉ። ቃሉ ሲደጋገም ደግሞ ብዛትንና ተከታታይነትን ያመጣል፤ «ችግኙ ብቅ ብቅ አለ» ሲባል አንዱ ከሌላው በኋላ እዚህም እዚያም መታየቱን እንረዳለን።

ከላይ ከተባለው ጋር የሚጋጭ የሚመስል አጠቃቀም መኖሩን መሸፋፈን አይገባም። «ገበያ ብቅ ብዬ ልምጣ» የሚል ሰው ከቤቱ ሊወጣ ነው፤ ንግግሩን የሚሰሙት ሰዎችም ሲሄድ እንጂ ሲመጣ አያዩትም። ታዲያ ተመልካቹ ማን ነው? ተናጋሪው የማየቱን ቦታ አስቀድሞ ወደ ገበያው ወስዶታል፤ በዚያ የሚታየው እርሱ ነው። የመጠኑም ፍቺ እዚህ ላይ ሥራውን ይሠራል፤ ጉዞው አጭር፣ መመለሱም የታወቀ ነው። «ልምጣ» የሚለው ቃል የተጨመረው በከንቱ አይደለም። ለረጅም ጊዜ የሚሄድ መንገደኛ «ብቅ ብዬ ልምጣ» ካለ ጉዞውን ሆነ ብሎ እያቃለለው ነው።

4. ባለቤቱ ሰው ሲሆን

ባለቤቱ ሰው ሲሆን ከላይ ያየናቸው ሁለት ፍቺዎች፣ ማለትም መታየትና መጠን፣ ወደ ማኅበራዊ ግንኙነት ይሸጋገራሉ። «ሲመችህ ብቅ በል»፣ ለታላቅ ሰው ደግሞ «ሲመችዎ ብቅ ይበሉ» የሚለው ግብዣ ሸክም የሌለበት ነው። ተጋባዡ ቀን መቁረጥ የለበትም፤ ብዙ መቆየት የለበትም፤ ጋባዡም ድግስ የለበትም። ግብዣውን ቀለል ያደረገው «ብቅ» የሚለው ቃል ነው። «ምሳ ጋብዤሃለሁ» በማለትና በዚህ መካከል ያለው ርቀት ግልጽ ነው።

በዚሁ ምክንያት «ብቅ አለ» ክብደት ባላቸው ጉዳዮች ላይ አይስማማም። ሐዘን ያገኘው ቤት መሄድን የሚገልጠው አማርኛ «ለቅሶ ደረሰ» ነው። «ደረሰ» ግዴታ መፈጸሙን፣ መንገዱም እስከ መጨረሻው መሄዱን ያሳያል። «ለቅሶ ቤት ብቅ አለ» ቢባል፣ ሰውዬው ለይምሰል ታይቶ የተመለሰ ይመስላል። ሁለቱም ዓረፍተ ነገሮች ስለ አንድ ሰው፣ ስለ አንድ ቀን፣ ስለ አንድ ቤት የተነገሩ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ተናጋሪው ስለ መንገደኛው ያለው አስተያየት ግን የተለያየ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚገባው አሉታዊው ነው።

(6) ስታመም አልመጣም።
(7) ስታመም ብቅ እንኳ አላለም።

(6) ነገሩን ይናገራል። (7) ይወቅሳል። ምክንያቱም ከፍቺው የሚመነጭ ነው። ብቅ ማለት ከመምጣት ሁሉ ትንሹ ነው፤ መቆየትም፣ ይዞ መምጣትም፣ መርዳትም አይጠይቅም። ያን ትንሹን ያላደረገ ሰው ምንም አላደረገም ማለት ነው። እንግዲህ «ብቅ አለ» በአዎንታ ሲነገር ጉብኝቱን ያሳንሳል፤ በአሉታ ሲነገር ግን ጥፋቱን ያገዝፋል። «ብቅ አላለም» የሚለው አነጋገር ውስጥ የጠባቂ ሰው ዐይን አለ፤ ወደ በሩ ሲመለከት የቆየና ያላየ ዐይን ነው። በመግቢያው የጠቀስነው የምስክሩ ዓረፍተ ነገር ወቀሳን የሚያስከትለው በዚህ ምክንያት ነው።

5. የ«ተርን አፕ» ፍቺዎችና የአማርኛ አቻዎቻቸው

የ«ተርን አፕ» ዋና ዋና ፍቺዎች አራት ናቸው።

ሀ/ የሰው መምጣት ወይም መገኘት። ይህ ፍቺ ያለ ቀጠሮ መምጣትንም፣ በቀጠሮ ቦታ መገኘትንም፣ ዘግይቶ መድረስንም ይይዛል። አማርኛው እንደ ሁኔታው ይለያያል። ሰው ሳይታሰብ ወዳጁ ቤት ከመጣ «ብቅ አለ»፤ ስብሰባ ላይ ከሆነ «ተገኘ»፤ ፍርድ ቤት ከሆነ «ቀረበ»፤ ሥራ ቦታው ላይ ከሆነ «ገባ» ይሆናል። በአሉታ ሲሆን ደግሞ አማርኛ «ቀረ» የሚል እጅግ ምቹ ግስ አለው። «ከስብሰባው ቀረ» ስንል ይጠበቅ የነበረ ሰው አለመገኘቱን ያለ ወቀሳ እንናገራለን። የእንግሊዝኛው አሉታ ራሱ ገለልተኛ ስለሆነ «ቀረ»ና «አልተገኘም» ከ«ብቅ አላለም» ይልቅ ይቀርቡታል።

ለ/ የጠፋ ዕቃ መገኘት። በእንግሊዝኛ የጠፋ ቁልፍ ፈላጊው ሳያስበው ሲገኝ «ተርን አፕ» ይባላል። አማርኛው «ተገኘ» ነው። «የጠፋው ቁልፍ ዛሬ ብቅ አለ» ማለትም ይቻላል፤ ነገር ግን አነጋገሩ ፈገግታ ወይም ጥርጣሬ አለበት። «ተገኘ» ሲባል ያገኘ ሰው እንዳለ ይታሰባል። «ብቅ አለ» ሲባል ግን ዕቃው ራሱ እንደ ሰው ተሸሽጎ ቆይቶ የታየ፣ ወይም የወሰደው ሰው በስውር የመለሰው ይመስላል።

ሐ/ የአጋጣሚ ወይም የዕድል መምጣት። ሥራ ለሚፈልግ ሰው እንግሊዝኛው አንድ ነገር «ተርን አፕ» ያደርጋል ይላል። አማርኛው «አንድ ነገር ይገኛል»፣ «ይመጣል» ወይም «እግዜር ያመጣል» ይላል። «ብቅ ይላል» ስሕተት አይደለም፤ ሆኖም ተስፋው ትንሽና ያልተጨበጠ መሆኑን ይጨምራል።

መ/ ድምፅን፣ ሙቀትን ወይም ብርሃንን ከፍ ማድረግ። እዚህ ላይ «ብቅ አለ» ቦታ የለውም። አማርኛው «ከፍ አደረገ» ወይም «ጨመረ» ነው። ልብሱን በማጠፍ ማሳጠር የሚለው የ«ተርን አፕ» ፍቺም ከዚህ ጋር ሊታይ ይችላል፤ «ጠቀለለ»፣ «አጠፈ» ወይም «ሰበሰበ» እንላለንና።

ንጽጽሩ በሌላው አቅጣጫም ሊታይ ይገባል፤ «ብቅ አለ» የሚባልባቸው፣ «ተርን አፕ» ግን የማይባልባቸው ሁኔታዎች ብዙ ናቸውና። ከላይ በ(3) የቀረበውን «ነገሌ ብቅ አለች» የሚለውን ተማሪ በ«ተርን አፕ» ቢተረጕመው ከተማዋ እንደ እንግዳ ወደ መኪናው የመጣች ይመስላል። እንግሊዝኛው «ካም ኢንቱ ቪው» ይላል፤ ይኸውም ወደ እይታ ገባች እንደማለት ነው። ለፀሐይዋ «ካም አውት»፣ ለቡቃያው «ካም አፕ»፣ በመስኮት ለሚታየው ራስ ደግሞ ሌላ ግስ ያስፈልጋል። ለ(1)ና ለ(2)ም «ተርን አፕ» አይስማማም፤ በስፍራው ጸንቶ ሽፋኑ የተነሣለትን ነገር በዚህ ግስ መግለጥ የተለመደ አይደለም።

ከዚህ የምንረዳው ሁለቱ አነጋገሮች የሚገናኙት በአንድ ጠባብ ቦታ ብቻ መሆኑን ነው። ይህም ሰው ወይም ነገር ሳይጠበቅ ተመልካች ባለበት ስፍራ ሲታይ ነው። ከዚያ ውጪ «ተርን አፕ» ወደ መገኘትና ወደ መጨመር ይሄዳል፤ «ብቅ አለ» ወደ መታየትና ወደ ማነስ ይሄዳል።

6. በትረካና በሥነ ጽሑፍ ታሪክ

ጉዳዩ ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ የሚኖረው ጥቅም ከትርጉም ሥራ አያንስም። «ብቅ አለ» ተመልካችን የሚጠይቅ ከሆነ፣ በልብ ወለድ ውስጥ በገባ ቁጥር «የሚያየው ማን ነው?» የሚል ጥያቄ ያስነሣል። የሚከተሉትን እናነጻጽር።

(8) ልጁ ከጓሮ ወጣ። ሴትዮዋ በር ላይ ቆማ ነበር።
(9) ልጁ ከጓሮ ብቅ አለ። ሴትዮዋ በር ላይ ቆማ ነበር።

በ(8) ተራኪው ሁለቱንም እኩል ያያቸዋል፤ ልጁ ከመውጣቱ በፊትም ከጓሮው ጋር ሊኖር ይችላል። በ(9) ግን አንባቢ ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ሲያነብ የመጀመሪያውን ያየችው ሴትዮዋ እንደ ሆነች ይገምታል። ተራኪው «አየችው» ሳይል አንባቢውን ከበሩ አጠገብ አቁሞታል። ደራሲ የትረካውን አንጻር ከሚያዛውርባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው። «ብቅ አለ»ን ሁሉ «መጣ» እያለ የሚያነብ ተማሪ የድርጊቱን ቅደም ተከተል ያገኛል፤ ተራኪው የቆመበትን ቦታ ግን ያጣል። ይኸው ጉዳት የአማርኛ ልብ ወለድ ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጐም «ብቅ አለ» በየቦታው በ«ተርን አፕ» ወይም በ«መጣ» አቻ ቢተካ ይደርሳል።

በሥነ ጽሑፍ ታሪክ አጻጻፍ ደግሞ «ብቅ አለ» ሌላ ጥንቃቄ ይሻል። «በዚህ ዘመን አዳዲስ ደራስያን ብቅ አሉ»፣ «ልብ ወለድ በአማርኛ ብቅ አለ» የሚሉ ዓረፍተ ነገሮች በተማሪዎች ጽሑፍ ውስጥ እንግዳ አይደሉም። እንዲህ ያለው አገላለጥ የሚያሳየው የተመልካቹን ዐይን እንጂ የነገሩን ምክንያት አይደለም። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» እ.ኤ.አ. በ1908 በሮም ታተመ። ይህን «ብቅ አለ» ብቻ ብለን ብናልፈው መጽሐፉ ከባዶ የተገኘ ይመስላል። ደራሲው በጣልያን አገር መኖሩ፣ በናፖሊ የምሥራቅ ቋንቋዎች ተቋም አማርኛ ማስተማሩ፣ ከአውሮፓ ሥነ ጽሑፍ ጋር መተዋወቁና ማተሚያ ቤት በቅርብ ማግኘቱ ከእይታ ይወጣሉ።

የወርቁን ምሳሌ እዚህ ላይ ማስታወስ ይጠቅማል። ወርቁ ብቅ የሚለው ማጠቢያውን ለሚያየው ሰው ነው። ከዚያ በፊት የተቆፈረው አፈር፣ የተቀዳው ውሃ፣ ጎንበስ ብሎ የዋለው ወገብ በ«ብቅ አለ» ውስጥ የሉም። የከተሞችንም ታሪክ ስንጽፍ «ወርቅ ሲገኝ ከተማ ብቅ አለ» ማለት ቀላል ነው፤ ከየአቅጣጫው መጥተው የቆፈሩትን፣ የነገዱትንና ቤት የሠሩትን፣ ከእነርሱም በፊት በአገሩ ይኖር የነበረውን ሕዝብ ግን ይሰውራል። ይህ ማለት አነጋገሩ ከታሪክ ጽሑፍ ይወገድ ማለት አይደለም። ጸሐፊው «ብቅ አለ» ካለ በኋላ «ምን ሸፍኖት ነበር? ሽፋኑን ያነሣው ማን ነው?» የሚሉትን ጥያቄዎች መመለስ ይገባዋል ለማለት ነው።

7. ለማስተማሪያ የሚሆኑ ነጥቦች

በክብረ መንግሥት፣ በሻኪሶ ወይም በነገሌ የሚማር ኦሮምኛ ተናጋሪ ተማሪ የ«ብቅ አለ» አገነባብ አያስቸግረውም። በአፍ መፍቻ ቋንቋው «ጨል ጄዼ»፣ «ኦል ጄዼ» እያለ ያደገ ልጅ «ዝም አለ»፣ «ከፍ አለ» የሚሉትን በቀላሉ ይለምዳል። ችግሩ የሚመጣው ከቅርጹ ሳይሆን ከፍቺው ነው። ለፀሐይ መውጣት ኦሮምኛው «አዱን ባቴ» ይላል፤ «ባኤ» ወጣ፣ «ሙልአቴ» ታየ፣ «ዹፌ» መጣ ማለት ነው። ተማሪው እነዚህን ተከትሎ ወጣ፣ ታየ፣ መጣ ቢል አማርኛው ስሕተት አይሆንም፤ «ብቅ አለ» የሚሰጠው የዐይንና የመጠን ፍቺ ግን ይቀርበታል። ስለዚህ መምህሩ ከኦሮምኛው መነሣቱ ጠቃሚ ነው። ተማሪው ያለውን አገነባብ እንዲያውቀው ካደረገ በኋላ በፍቺው ላይ ብቻ ማተኮር ይችላል።

ለዚህም ቃልን በቃል ከመተካት ይልቅ ሁኔታን መስጠት ይሻላል። ተማሪው ሦስት ጥያቄዎችን እንዲጠይቅ ቢለማመድ አብዛኛውን ስሕተት ያስወግዳል። አንደኛ፣ ነገሩ በዐይን የሚታይ ነው ወይስ የሚሰማ? ሁለተኛ፣ የሚያየው ማን ነው፣ የትስ ቆሟል? ሦስተኛ፣ መምጣቱ ቀላልና አጭር ነው ወይስ ግዴታ ያለበት? ከእንግሊዝኛ ሲተረጕም ደግሞ አራተኛ ጥያቄ ይጨምር፦ እንግሊዝኛው ወቅሷል ወይስ ነገሩን ብቻ ተናግሯል?

መዝገበ ቃላት ለሚያዘጋጁ ሰዎችም ጉዳዩ የሚነግራቸው አለ። ጥምር ግሶችን «አለ» በሚለው ሥር መሰብሰብ ፈላጊውን ያደክማል፤ ፍቺው ያለው በመጀመሪያው ቃል ላይ ስለሆነ «ብቅ» የራሱ መግቢያ ሊኖረው ይገባል። በዚያም ሥር አዎንታዊውና አሉታዊው ተለይተው፣ እያንዳንዱ ከነምሳሌው ቢቀመጥ፣ ተርጓሚው «ብቅ አላለም» ከማለቱ በፊት የሚያቆመው ነገር ያገኛል።

8. ማጠቃለያ

በዚህ ጽሑፍ «ብቅ አለ»ና «ተርን አፕ» በአገነባብ፣ በፍቺና በአጠቃቀም ተነጻጽረዋል። በእንግሊዝኛው ጥምር የሚገለጠው መምጣት፣ መገኘትና መጨመር ነው። በአማርኛው ጥምር የሚገለጠው ግን ያልታየው መታየት መጀመሩ ነው፤ ይኸውም በመጠኑ ወይም ለጥቂት ጊዜ ነው። ባለቤቱ ባይንቀሳቀስም «ብቅ አለ» ማለት መቻሉ፣ በጆሮና በአፍንጫ የሚታወቁ ነገሮችን አለመቀበሉ፣ እንዲሁም በአሉታ ጊዜ የጠባቂን ቅሬታ መያዙ ይህንኑ ያስረዳሉ። ስለዚህ ሁለቱን እንደ አቻ አድርጎ መጠቀም በአንዳንድ ቦታ ሲያስኬድ፣ በሌላ ቦታ ፍቺ ያጎድላል፤ በሌላም ቦታ ያልተነገረ ፍርድ ይጨምራል።

«ብድግ አለ»፣ «እልም አለ»፣ «ጭልጥ አለ»፣ «ድርግም አለ» እና የመሳሰሉትም እንዲሁ አንድ በአንድ ቢመረመሩ፣ ከመደበኛው ግስ የሚለዩበት የየራሳቸው የአስተያየት አቅጣጫ እንዳላቸው ይታያል። ለተርጓሚም ሆነ ለሐያሲ ከእነዚህ የሚገኘው ትምህርት ቀላል አይደለም።